የምሕንድስና ተማሪዎቻችን የአጠናን ልማድና የትምህርታቸው ውጤት

(በሎረንስቪል፣ አትላንታ አጠገብ፣ በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ማኅበሩ በዛሬው ስብሰባ ላይ ስለ ጥናት እንድንናገር ባዘዘን ጊዜ በመጀመሪያ ደስ ያላለን መሆኑን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ስለ አገራችን ሰላም፣ ስለ ገበሬው ኑሮና ስለ ስደተኛው ዕጣ መነጋገር በሚገባበት ጉባኤ ላይ ቆሞ ስለ ደብተርና ስለ እርሳስ ማውራት የትንሽ ልጅ ነገር መስሎን ነበር። ኋላ ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት በዙሪያችን ያየነውን ስናስታውስ ሐሳባችንን ለወጥን። ከእኛ በኋላ መጥተው ምሕንድስና ከጀመሩት መካከል በርከት ያሉት ሁለተኛውን ዓመት ሳይፈጽሙ ወደ ሌላ ትምህርት ዞረዋል፤ ጥቂቶቹም ከነጭራሹ ትተውታል።

ከእነዚህ አንዱ ስሙን እንዳንጠራ፣ ታሪኩን ግን እንድንናገር ፈቅዶልናል። ይህ ወንድማችን ማታ በዕቃ መጋዘን ሲሠራ አድሮ ጧት ክፍል የሚገባ ሰው ነበር። መጽሐፉን ሳይዝ የሚሄድበት ቦታ አልነበረም፤ በዕረፍት ሰዓቱም በመኪናው ውስጥ ሆኖ ሲያነብ እናየው ነበር። ካልኩለስን ሁለት ጊዜ፣ ፊዚክስን አንድ ጊዜ ወድቆ ትምህርቱን ካቋረጠ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አገር ቤት ያሉት እናቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለጎረቤት፣ «ልጄ መሐንዲስ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው» ይላሉ። እውነቱን ሊነግራቸው በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሮ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጤናቸው ብቻ ጠይቆ መዝጋቱን ራሱ አጫውቶናል።

ይህን ያህል የደከመ ሰው ለምን ወደቀ? የዛሬው ንግግራችን ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው።

ጥያቄውን ላቀረብንለት ሰው ሁሉ የምንሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንዱ «ምሕንድስና ጭንቅላት ይጠይቃል» ይላል። ሌላው «ከታች መሠረት አልያዘም» ይላል። ሦስተኛው «ሥራው ጊዜ አልሰጠው አለ» ይላል። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ሁሉም ተደምረው ነገሩን አይጨርሱትም። ማርከስ ክሬዴና ናታን ከንሰል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2008 ከዚያ በፊት የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የተማሪው የአጠናን ልማድና ለትምህርቱ ያለው አቋም የኮሌጅ ውጤቱን ለመገመት ከመግቢያ ፈተናና ከሁለተኛ ደረጃ ነጥብ ጋር የሚወዳደር ክብደት እንዳለው አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በፍሎሪዳ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተማሪው በመጽሐፍ ላይ የሚቀመጥበት የሰዓት ብዛት ብቻውን ውጤቱን እንደማያሳይ ገልጿል። የወንድማችን ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ነበረ፤ ሰዓቱ ግን አልሠራለትም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን የከፈተልን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ የተደረገ ምርመራ ነው። ዩሪ ትሪስማን የሚባል የሒሳብ ሰው ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን በብዛት እንደሚወድቁ ለማወቅ ፈለገ። መምህራኑን ቢጠይቅ ያገኘው መልስ እኛ ከላይ ከቆጠርነው ብዙ የሚለይ አልነበረም፤ ፍላጎት የላቸውም፣ ዝግጅት የላቸውም፣ ከቤተሰብ ድጋፍ አያገኙም፣ ድኾች ናቸው የሚል ነበር። ትሪስማን በዚህ አልረካም። 20 ጥቁሮችና 20 የቻይና ተወላጆች የሆኑ ተማሪዎችን መርጦ እንዴት እንደሚያጠኑ ቀርቦ ተመለከተ።

ያየውም መምህራኑ ከገመቱት የራቀ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ክፍል አይቀሩም፤ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ «ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት አጥኑ» በተባሉት መሠረትም በሳምንት 8 ሰዓት ያህል ያጠናሉ። ነገር ግን ከ20ዎቹ መካከል 18ቱ ከክፍል ጓደኛቸው ጋር ተቀምጠው አጥንተው አያውቁም ነበር። የቻይናዎቹ ልጆች በበኩላቸው በሳምንት ወደ 14 ሰዓት ያጠናሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከ8 እስከ 10 የሚሆነውን ለየብቻቸው ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው፣ አብረው እየበሉ፣ የአንዱን መልስ ከሌላው ጋር ያስተያያሉ። ጥያቄው ሁሉንም ካቃታቸው ከባድ መሆኑን ያውቃሉ፤ አንዱን ብቻ ካቃተው የጎደለው ምን እንደሆነ በዚያው ማታ ይነገረዋል። ብቻውን የሚያጠናው ግን ይህን የሚያውቀው የፈተናው ወረቀት ሲመለስለት ነው። ትሪስማን ይህን ካየ በኋላ ተማሪዎች በኅብረት ሆነው ከባድ ከባድ ጥያቄዎች የሚሠሩበት ጉባኤ አቋቋመ። የደካሞች መደገፊያ ብሎ አልሰየመውም፤ የብርቱዎች መሰብሰቢያ አድርጎ ነው ያቀረበው። ወደዚያ የገቡት ተማሪዎች ውጤት በግልጽ ተሻሻለ። ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፎ አሳትሞታል።

ይህን ስናነብ የራሳችንን ቤት ያየን መስሎን ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ብቻችንን የምናደርገው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከአንድ ገበታ እንበላለን፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንጠራለን፤ ገንዘብ በዕቁብ፣ ለቅሶ በዕድር ነው። በዚህ በሎረንስቪልና በዙሪያው እንኳ አንድ ሰው ቢሞትብን አስከሬኑን ወደ አገር ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሰበሰባል። ካልኩለስን ግን በራችንን ዘግተን ለየብቻችን እናጠናለን። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። በአገር ቤት ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ፣ «ጎበዝ» እየተባለ ያደገ ልጅ በጓደኛው ፊት «ይህ አልገባኝም» ብሎ መናገር ሞት ይመስለዋል። ወደ መምህሩ ቢሮ አይሄድም፤ የሚያውቀው ይልቅ የማያውቀው የሚታይበት ይመስለዋልና። ይህን የምንናገረው በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኛም በመጀመሪያው ዓመታችን የአንድ መምህር በር ላይ ደርሰን ስንት ጊዜ እንደ ተመለስን እናውቀዋለን።

የምንኖርበት ቦታም ይሉኝታችንን ያግዘዋል። ሎረንስቪል የግዊኔት አውራጃ ዋና ከተማ ብትሆንም የአትላንታ ባቡር እዚህ አይደርስም፤ የአውራጃው ሕዝብ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ጉዳዩ ለድምፅ በቀረበ ቁጥር ስላልተቀበለው ሐዲዱ ዶራቪል ላይ ይቆማል። ስለዚህ በጆርጂያ ቴክ የሚማረው በ85 ቁጥር ጎዳና ወደ አትላንታ፣ በኬነሶ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወደ ማሪዬታ፣ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውም በ316 ቁጥር ጎዳና ወደ አቴንስ በየመኪናው ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ ከተማችን ውስጥ በተከፈተው በጆርጂያ ግዊኔት ኮሌጅ ሒሳቡንና ፊዚክሱን የሚጀምሩም አሉ። ክፍሉ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ሥራው ነው። በግቢው ውስጥ የሚያድሩት ተማሪዎች ማታ ሲሰበሰቡ የእኛ ልጅ ወይ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ ሳጥን እያነሣ ነው።

ጉዳቱም በነጥብ ብቻ አይቆምም። የጆርጂያ ነዋሪ ከሆንነው መካከል ብዙዎቹ የሚማሩት እ.ኤ.አ. በ1993 ከሎተሪ ገቢ በተቋቋመው፣ ሆፕ በሚባለው የትምህርት እርዳታ ነው። ተማሪው 30፣ 60 እና 90 የትምህርት ሰዓት ላይ ሲደርስ ነጥቡ ይመረመራል፤ አማካዩ ከ3.0 በታች ከወረደ እርዳታው ይቀርበታል፤ ኋላ ነጥቡን ቢያነሣም መልሶ ሊያገኝ የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እርዳታው ሲቀር ተማሪው ተጨማሪ ሰዓት ይሠራል፤ ተጨማሪ ሰዓት ሲሠራ ይበልጥ ይወድቃል። የወንድማችን መንገድ ይኸው ነበር።

አሁን ደግሞ በሩ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ ምን እንደሚደረግ እንይ። ወንድማችን እንዴት ያጠና እንደ ነበር ስንጠይቀው ደብተሮቹን አምጥቶ አሳየን። ምዕራፉን ያነባል፤ በቀለም ያሰምርበታል፤ እንደገና ያነባል። ቀጥሎ በመጽሐፉ ውስጥ ተሠርቶ የቀረበውን ምሳሌ በዓይኑ ይከተላል። ጥያቄ ሲያቅተው የመልሱን መጽሐፍ ይገልጣል፤ ወይም ዛሬ ዛሬ እንደ ተለመደው ጥያቄውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ መልሱን ከነአሠራሩ በአንድ ደቂቃ ይቀበልና «አሃ፣ ገባኝ» ብሎ ያልፋል። ይህ «ገባኝ» የሚሉት ነገር ትልቅ አታላይ ነው። እናቱ እንጀራ ስትጋግር ሃያ ዓመት ያየ ሰው ምጣዱ ፊት ሲቆም የመጀመሪያውን እንጀራ ምን እንደሚያደርገው፣ እዚህ አገር መጥታችሁ ለብቻችሁ ቤት የያዛችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ደግሞ አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ዘግተው ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ይበልጥ ይታወሳቸው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ለእኛ ትምህርት ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎች የአራት ዓይነት ጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ፤ አንዱ ወገን ጥያቄዎቹን በየዓይነታቸው ተራ በተራ፣ ሌላው ወገን ተደበላልቀው ሠራቸው። በልምምዱ ጊዜ በተራ የሠሩት 89 በመቶ፣ በድብልቅ የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን በድብልቅ የሠሩት 63 በመቶ ሲያገኙ በተራ የሠሩት ወደ 20 በመቶ ወረዱ።

የዚህ ምክንያት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። በእስታቲክስ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰበቃ በሚናገረው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያለ ጥያቄ ሁሉ በሰበቃ እንደሚሠራ ሳያነቡትም ይታወቃል፤ ምዕራፉ ራሱ ሹክ ብሏልና። በፈተናው ላይ ግን አንድ መሰላል ግድግዳ ተደግፎ ይቀርባል፤ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ የሚናገር የለም። መሰላሉን ከግድግዳውና ከወለሉ ነጥሎ፣ የሚጫኑትን ኃይሎች ሁሉ በሥዕል አስቀምጦ፣ ከየት እንደሚጀመር መወሰን የተማሪው ፋንታ ነው። ድልድይ በሚሠራበት ቦታም እንዲሁ ነው። ወንዙ የምዕራፍ ቁጥር የለውም።

እንዲህ ያለውን አጠናን ከየት አመጣነው? ብዙ ሰው «ከቆሎ ትምህርት ቤት የወረስነው ሽምደዳ ነው» ሲል እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ይህን የሚሉት ቅኔ ቤት ምን እንደሚደረግ ያልጠየቁ ናቸው። የዜማ ተማሪ በቃሉ መያዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን መጽሐፉን ደጋግሞ በማየት አያልፍም፤ በመምህሩ ፊት ከቃሉ አውጥቶ ማሰማት አለበት። የቅኔ ተማሪማ ነገሩ ሌላ ነው። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ቤት እየጨመረ እስከ መወድስ ሲደርስ የሚያቀርበው ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን መድገም፣ የሌላውን መውሰድ ነውር ነው። ቀን ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ብቻውን ይቆጥራል። ኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ጓደኞቹ እየሰሙ ያርሙታል፤ ቀድሞ የገባውም ተማሪ አዲሱን ያስጠናል። መጀመሪያ ብቻ፣ ቀጥሎ በጉባኤ፤ ሁልጊዜ አዲስ፤ ስሕተቱም በሰው ፊት የሚታረም። ከበርክሌይና ከፍሎሪዳ የጠቀስነውን የቅኔ መምህሮቻችን ስም ሳይሰጡት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ስለዚህ ምክንያቱን ከዘመናዊው ትምህርት አካሄዳችን መፈለግ ይሻላል። በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ ያውቀው ነበር። ኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይሠራበት በነበረው መመሪያ ከ100 ገቢ ተማሪዎች 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ሲወሰን፣ ምሕንድስናን ያልመረጠውም ሁሉ መሐንዲስ ሊሆን ገባ። የትምህርት ቤቱ መብዛት መልካም ነው፤ እኛ የገበሬ ልጆች በሌላ መንገድ አንማርም ነበር። ነገር ግን አዳራሹ ሲሞላ፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ ሳይበቃ ሲቀር፣ ትምህርቱም ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ በሆነው በእንግሊዝኛ ሲሰጥ፣ የተማሪው መሣሪያ ሁለት ብቻ ይሆናል፤ መምህሩ አባዝቶ የሚሰጠው ወረቀትና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ያለፈው ዓመት ፈተና። ዓረፍተ ነገሩ ካልገባው እንዳለ ይይዘዋል። ፈተናው ካልተለወጠ ያልፋል።

ፈተናው ሲለወጥ የሚሆነውን ደግሞ አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ተመራቂው ከራሱ መምህር ውጭ የተዘጋጀ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚህ በኋላ የሚያጠናው ወንድማችን ያለፈውን ዓመት ወረቀት ቢሸመድድ አይጠቅመውም። ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ነው። ፍሪማንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት፣ 225 ጥናቶችን ባጠቃለለ ምርመራ መሠረት፣ መምህሩ ብቻውን በሚናገርባቸው የሳይንስ፣ የሒሳብና የምሕንድስና ክፍሎች 33.8 በመቶ ተማሪ ሲወድቅ፣ ተማሪው በክፍሉ ውስጥ ራሱ በሚሠራባቸው ግን የወደቀው 21.8 በመቶ ነበር። መምህር ሆነው ወደ አገር ለመመለስ ያሰቡ ጓደኞቻችን ይህን ቁጥር ከአሁኑ ቢይዙት መልካም ነው።

አሁን ወደ ማኅበራችን ሥራ እንመለስ። የጥናት ጉባኤ እናቋቁም ብለን ባለፈው ወር ሐሳብ ስናቀርብ ሁለት ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። አንዱ «ኢትዮጵያውያን ከተሰበሰቡ ወሬ እንጂ ጥናት አይሆንም» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ አምስት ሰው ባዶ እጁን መጥቶ አንዱ ጎበዝ ሲሠራ የሚያይ ከሆነ የስልኩን መልስ በሰው መልስ መለወጥ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሥርዓቱ የቅኔ ቤቱ ይሁን እንላለን፤ ማንም ሰው ለብቻው ታግሎ ያልሠራውን ጥያቄ ወደ ጉባኤው አያምጣ፤ የሞከረበትን ወረቀት ከነስሕተቱ ይዞ ይምጣ፤ ጥያቄዎቹም ከልዩ ልዩ ምዕራፍ ተደበላልቀው ይቅረቡ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ሌሊት ሠርቶ የሚመጣ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚሰበሰበው?» ተብለናል። ለዚህ ሙሉ መላ አለን ብለን አንዋሽም። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው በማናቸውም ዓይነት አጠናን ቢያጠና ይቸግረዋል። ነገር ግን አንድ ሐሳብ አለን። ብዙዎቻችን ዕቁብ አለን፤ የዕቁቡንም ዕጣ ብዙ ጊዜ መኪና እንገዛበታለን። ከመካከላችን የሚፈቅዱ ሰዎች አንድ የተማሪዎች ዕቁብ መሥርተው፣ ዕጣው ሳይወጣ በስምምነት፣ የመጨረሻ ፈተና በሚደርስበት በኅዳርና በሚያዝያ ወር እጅግ ለሚሠሩት ተማሪዎች ቢደርስ፣ እነዚያን ሦስትና አራት ሳምንታት የሥራ ሰዓታቸውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ገንዘቡ ስጦታ አይደለም፤ ተማሪው እንደ ማንኛውም ዕቁብተኛ ይከፍላል። የዕቁቡን ደንብ ረቂቅ የገንዘብ ያዣችን አዘጋጅታለች፤ ከስብሰባው በኋላ ማንበብ የሚፈልግ ከእርሷ ይቀበል።

ጉባኤው የሚመጣው እሑድ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአገራችን አቆጣጠር፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ይጀመራል። በመጀመሪያው ወር ካልኩለስና እስታቲክስ ብቻ እንይዛለን። ከላይ ታሪኩን የነገርናችሁ ወንድማችን በመጪው ነሐሴ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ ተመዝግቧል፤ እሑድም ሁለቱን የወደቀባቸውን የካልኩለስ ፈተናዎች ከነቀይ ምልክታቸው ይዞ እንደሚመጣ፣ የመጀመሪያውንም ጥያቄ ራሱ በሰሌዳው ላይ እንደሚሠራ ነግሮናል። ለእናቱ ግን ገና አልነገራቸውም። ቡናውን የሚያፈሉ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናልና ስማችሁን አሁን ብታስመዘግቡ መልካም ነው፤ እርሳስና ወረቀት ከማኅበሩ ነው።